ከሁለቱ ቀይ የቱን ልቀባ? ጠቆር ያለ ቀይ ቀለም አመራረጥ ከነምክንያቱ

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። ሁለት የካታሎግ ቁራጭ ጎን ለጎን ተይዞ በስልክ ፎቶ ይነሣና "የቱ ይሻላል?" ተብሎ ይላክልኛል። ሁለቱም ቀይ ናቸው። ሁለቱም ጠቆር ይላሉ። በኔ ስልክ ላይ ደግሞ ልዩነታቸው ጭራሽ አይታይም። እና መልሴ ሁሌም "ከፎቶ አላውቅም፣ እናንተም ከካርዱ ላይ አታውቁትም" ነው። ከዚያ በኋላ የምለውን ለእያንዳንዱ ሰው ከምደጋግም አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

አሠራሩ ለሳሎንም፣ ለመኝታ ቤትም፣ ለአንድ ግድግዳ ብቻም ያገለግላል። ለመግባባት ያህል ሁለቱን ቀይ ስም እናውጣላቸው። አንዱ ቦርዶ ይሁን፤ ወደ ወይን ጠጅ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው። ሌላው የሸክላ ቀይ ይሁን፤ ወደ ቡናማና ወደ ብርቱካናማ የሚያደላው። በራል ካታሎግ (ለየቀለሙ ቁጥር በሚሰጠው የቀለም ዝርዝር) የምትመርጡ ከሆነ 3005 ከቦርዶ ወገን ነው፣ 3011 ከሸክላው ወገን። የእናንተ ቁጥር ሌላ ቢሆንም ችግር የለውም። በሁለት ጠቆር ያለ ቀይ መሃል ዓይኑ አዋጅ የሆነበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳያውቀው አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ወገን ነው የያዘው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከሁለቱም ቀለም ናሙና። ግማሽ ሊትር በቂ ነው። ሱቁ ትንሽ ቆርቆሮ ከሌለው ያለውን ትንሹን መጠን ግዙ። ሁለት ቆርቆሮ ቀለም የሚያስወጣው ብር ክፍሉን ሁለቴ ከመቀባት ያንሳል።
- አራት ትልልቅ ነጭ ካርቶን፣ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ይገኛል።
- ጥቂት ነጭ ፕላስቲክ ቀለምና ትንሽ ጥቁር፣ ግራጫ ለመሥራት።
- ሁለት ትንንሽ ሮለር። ለየቀለሙ አንድ አንድ።
- የወረቀት ፕላስተር፣ እስክሪብቶ፣ ነጭ ጨርቅ።
- ሁለት አምፑል፦ አንድ ዋርም የሚባለው ቢጫማ፣ አንድ ነጭ።
- የሶፋችሁ ትራስ፣ የመጋረጃው ጫፍ፣ ከወለሉ የተረፈ ሴራሚክ ካለ እሱም።

ደረጃ 1፦ ክፍሉን በስንት ሰዓት እንደምትጠቀሙበት ጻፉ

ቀላል ይመስላል፣ ግን ቁልፉ ይሄ ነው። ሳሎናችሁ ውስጥ በደንብ የምትቀመጡት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ቀለሙን በቀትር ፀሐይ መምረጥ ምንም አይጠቅማችሁም። ብርሃን ሲደክም ዓይናችን ከሌሎች ቀለሞች ሁሉ ቀድሞ ቀይን ነው የሚያጣው። ሲመሽ አረንጓዴው ተክልና ሰማያዊው መጋረጃ ገና ሲታዩ ቀዩ ትራስ ጥቁር ይመስላል። ግድግዳም እንደዛው ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ጻፉና ወረቀቱን ክፍሉ ውስጥ ለጥፉት፤ በኋላ ስትወስኑ ወደሱ ትመለሳላችሁ።

ደረጃ 2፦ የማይለወጠውን ዕቃ ለዩ

ወለል፣ በር፣ የመስኮት ፍሬም፣ ትልቁ ሶፋ። እነዚህን ለቀለም ብላችሁ አትቀይሯቸውም፣ ስለዚህ ቀለሙ ነው ወደነሱ መምጣት ያለበት። ወለላችሁ ክሬም ወይም ቢጫማ ሴራሚክ፣ በራችሁ ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ከሆነ፣ የሸክላው ቀይ ከነሱ ጋር ይስማማል፤ ቦርዶ ደግሞ ክሬሙን የቆሸሸ ያስመስለዋል። ወለሉ ግራጫ፣ ሶፋው ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ይሄ ሕግ አይደለም፣ በካርቶኑ ትፈትኑታላችሁ። ግን ብዙ ሰው ቀለሙን መርጦ ሶፋ ፍለጋ ይወጣል፤ ሶፋ ውድ ነው፣ በሺህ ዓይነት ቀለምም አይመጣም። መጀመሪያ ሶፋው፣ ቀጥሎ ቀለሙ።

ደረጃ 3፦ ካርዱ ላይ ኤልአርቪ የሚል ቁጥር ፈልጉ

ኤልአርቪ ማለት ግድግዳው ከሚያርፍበት ብርሃን መቶኛ ስንት እጁን እንደሚመልስ የሚናገር ቁጥር ነው። ጥሩ ነጭ ቀለም ከ80 በላይ ነው። አብዛኛው ጠቆር ያለ ቀይ ከ5 እስከ 12 ባለው ውስጥ ይወድቃል። አስቡት፤ ነጭ የነበረውን ክፍል ቀይ ስትቀቡት ግድግዳው ይመልስላችሁ የነበረው ብርሃን ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ለዚህ ነው "ካርዱ ላይ እኮ እንዲህ አይጨልምም ነበር" የሚባለው። ከሁለቱ አንዱ 6፣ ሌላው 11 ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊጠጋ ብርሃን ይመልሳል። መሃል ላይ አንድ አምፑል ብቻ ያለው ክፍል ከሆነ ከፍ ያለውን ቁጥር ያዙ፣ ካልሆነ ጥግ ላይ የሚቆም መብራት ጨምሩ። ቁጥሩ ካርዱ ፊት ላይ ከሌለ ጀርባውን እዩ፣ ወይም የቀለሙ ፋብሪካ ገጽ ላይ በኮዱ ፈልጉት።

ደረጃ 4፦ ከቀዩ ሥር ያለውን ቀለም አውጡ

አንድ ማንኪያ ቀይ በአሥር ማንኪያ ነጭ ቀለም በጥብጡ። ሁለቱንም ለየብቻ። ነጭ ወረቀት ላይ ቀብታችሁ አድርቁ።

ቦርዶው ወደ ሐምራዊ የሚሄድ ሮዝ ይሰጣችኋል። የሸክላው ቀይ የፓፓያ ሥጋ የሚመስል ሮዝ ያወጣል። ቀዩ ጠቆር ስላለ የተደበቀው ነገር ነጭ ሲገባበት ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ይሄን የምታደርጉት የወጣው ሮዝ ያምራል አያምርም ለማለት አይደለም። ቀን ብርሃን ሲበዛ ግድግዳው ወደየት እንደሚያደላ አስቀድሞ እንዲነግራችሁ ነው። ሁለቱ ሮዞች አንድ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ ጥሩ ዜና አለ፦ ምርጫችሁ በድምቀትና በዋጋ ብቻ ይወሰናል፣ አትጨነቁ።

ደረጃ 5፦ ካርቶኖቹን በትክክል ቀቡ

ግድግዳው ላይ ቀጥታ አትቀቡ። አሁን ያለው ቀለም ክሬም ወይም አረንጓዴ ከሆነ ዙሪያውን ሆኖ ዓይናችሁን ያታልላል። በዚያ ላይ የደረቀው የናሙና ጠርዝ በኋላ በላዩ ስትቀቡ ጎርበጥ ብሎ ይታያል።

ሀ) መጀመሪያ ካርቶኖቹን ግራጫ ቀቡ። ነጩ ላይ ጥቁር ጠብ እያደረጋችሁ መካከለኛ ግራጫ አድርጉት፤ ወደ ጠቆሩ ቢያደላ ይሻላል። ምክንያቱ፦ ደማቅና ጠቆር ያለ ቀለም የሚቀላቀልበት ቤዝ (ማቅለሚያ የሚገባበት መነሻ ቀለም)፣ ቀለምን ሸፋኝ የሚያደርገው ነጩ ቲታኒየም የለበትም፣ ካለበትም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሥር ያለው ሁሉ ያሳልፋል። ነጭ ላይ ስትቀቡት እጅ በእጅ እየደራረባችሁም ጨለፍ ጨለፍ ይላል። ግራጫ ላይ ቶሎ ይሸፍናል። ክፍሉን ስትቀቡም ይህንኑ ነው የምታደርጉት።

ለ) ሁለት እጅ ቀቡና ጠብቁ። ካልሸፈነ ሦስተኛ። አሁንም ካልሸፈነ አራተኛ። ስንት እጅ እንደፈጀ ጀርባው ላይ ጻፉ፣ ሒሳብ ላይ ይፈለጋል።

ሐ) እስከ ጫፉ ድረስ ቀቡ። ዙሪያው ነጭ ከተረፈ ቀዩ ከነጩ ጋር ስለሚነጻጸር ከእውነተኛው ይልቅ የጠቆረ ይመስላችኋል።

መ) በሮለር እንጂ በብሩሽ አትቀቡ። የብሩሽ መስመር ብርሃኑን በሌላ መልክ ስለሚመልሰው የምታዩት ግድግዳው ላይ የሚሆነውን አይደለም።

ሠ) ሳይደርቅ አትፍረዱ። ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ በአብዛኛው ይጠቁራል። ለመንካት በአንድ ሰዓት ቢደርቅም እውነተኛ መልኩን ለማየት አሳድሩት። ክረምት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ በአንዱ እጅ ቀለምና በሚቀጥለው መሃል ከተለመደው አራት ሰዓት በላይ ጠብቁ።

ጀርባው ላይ የሚጻፈው፦ የቀለሙ ኮድ፣ ማት (የማያብረቀርቀው) ይሁን ሲልክ (ትንሽ የሚያብረቀርቀው)፣ ስንት እጅ፣ ቀኑ። ጻፉ ስላችሁ ጻፉ። ከሁለት ቀን በኋላ የትኛው የትኛው እንደነበር ይጠፋችኋል።

ደረጃ 6፦ ጥግ ላይ አቁሙት

ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም፣ ለኔ ግን ከመመሪያው ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። የአንዱን ቀለም ሁለት ካርቶን ወስዳችሁ በክፍሉ ጥግ፣ ሁለቱ ግድግዳዎች በሚገናኙበት፣ ፊት ለፊት እንዲተያዩ አድርጋችሁ በፕላስተር ያዟቸው። ቀይ ግድግዳ ብቻውን አይቀመጥም። አንዱ ላይ ያረፈው ብርሃን ቀይ ሆኖ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ከሌላውም ይመለሳል፣ በዚህ ምልልስ ቀለሙ እየጠነከረ ይመጣል። አንድ ካርቶን ለጥ ባለ ግድግዳ ላይ ስታዩት ጨዋ የነበረ ቀይ፣ አራቱም ግድግዳ ሲሆን የሚጮኸው ለዚህ ነው። ጥጉ ውስጥ የምታዩት መልክ ለመጨረሻው ክፍል በጣም ይቀርባል።

የምትቀቡት አንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ግን ጥጉን ተዉት፣ በዚያው ግድግዳ ላይ ጠፍጣፋውን ለጥፉ።

ደረጃ 7፦ አንድ በአንድ እዩ፣ ጎን ለጎን አይደለም

ሁለቱን አጠጋግታችሁ ስታዩ አንዱ ሌላውን ይቀይረዋል። የሸክላው ቀይ አጠገቡ ሲሆን ቦርዶው ከሆነው በላይ ሐምራዊ ይመስላል፤ ቦርዶው አጠገቡ ሲሆን የሸክላው ብርቱካናማ ይመስላል። ቤታችሁ ውስጥ ግን ሁለቱ አብረው አይኖሩም። ደግሞ ዓይን ቀይ ላይ ትንሽ ከቆየ ይደክማል፤ ከዚያ ወደ ነጭ ግድግዳ ብትዞሩ አረንጓዴ ቢጤ ጥላ ታያላችሁ። በዚያ በደከመ ዓይን ሁለተኛውን ቀይ ብታዩት መጀመሪያ ካያችሁት የፈዘዘ ይሆንባችኋል። ስለዚህ አንዱን ቀኑን ሙሉ ተዉት፣ በማግስቱ ሌላውን ስቀሉ።

ደረጃ 8፦ ሰዓቱን ተከተሉ

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀትር፣ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ ማታ መብራት ከበራ በኋላ። አራቱንም እዩና አንድ አንድ ቃል ጻፉ። "ሞቀ"፣ "ጨለመ"፣ "ሐምራዊ ሆነ" ይበቃል።

የውጭ መመሪያ ያነበበ ሰው "ሰሜን የሚያይ ክፍል ፀሐይ አያገኝም፣ ቀዝቃዛ ነው" የሚል ነገር ይዞ ይመጣል። ለዋሽንግተን ወይም ለፍራንክፈርት ይሠራል። ለአዲስ አበባ ግን እንዳለ አይሠራም። ከተማችን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ወደ ሰሜን ያለችው፤ ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አራተኛው ሳምንት ድረስ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ። አንድ መስኮት በግንቦትና በታኅሣሥ የሚያገኘው ብርሃን አንድ አይደለም ማለት ነው። እኛ ጋ ከሰሜንና ከደቡብ ይልቅ ለውጥ የሚያመጣው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ምሥራቅ የሚያይ ክፍል ጠዋት ይሞቃል፣ ከሰዓት ግን የሚገባው የሰማይ ብርሃን ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ሰማያዊ ቢጤ ስለሆነ ቦርዶን ወደ ሐምራዊ ይጎትተዋል። ምዕራብ የሚያይ ክፍል ላይ ከ10 ሰዓት በኋላ ቢጫማ ፀሐይ ስትገባ የሸክላው ቀይ ብርቱካን ሊመስል ይችላል። አንዳንዱ ይህን ይወደዋል፤ ከወደዳችሁት ምንም ጥፋት የለውም።

ክረምትን አትርሱ። በጥቅምት ጥርት ያለ ሰማይ የመረጣችሁት ቀለም በሐምሌ ደመና ሌላ ነው። ሐምሌን መጠበቅ ስለማትችሉ መጋረጃውን ዘግታችሁ አንድ ጊዜ እዩት፤ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ውጭ ለምትኖሩ፦ ስቶክሆልም ያላችሁ ታኅሣሥ አካባቢ ፀሐይዋ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሳይሞላ ስለምትጠልቅ የቀኑን ፈተና ትታችሁ በቀጥታ ወደ ደረጃ 9 ሂዱ። ዱባይ ወይም ሪያድ ሆናችሁ ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ዘግታችሁ የምትውሉ ደግሞ ወደ ክፍሉ የሚገባው ብርሃን የመጋረጃውን ቀለም ይዞ ስለሆነ መጋረጃው ሳይሰቀል አትምረጡ።

ደረጃ 9፦ አምፑል ቀይሩ

ዋናው ፈተና ይሄ ነው፣ ብዙ ቀይ የሚበላሸውም እዚህ ነው።

የኤልኢዲ አምፑል ካርቶን ላይ የኬልቪን ቁጥር አለ። ከ2700 እስከ 3000 ያለው ቢጫማ፣ 4000 መካከለኛ፣ 6500 ነጩ ነው። እኛ ሰፈር ሱቅ ሄዳችሁ ዝም ብላችሁ "አምፑል ስጠኝ" ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ 6500ውን ነው የሚሰጣችሁ። ይሄ ነጭ ብርሃን ሰማያዊው በዝቶ ቀዩ ያነሰ ነው። ግድግዳ ያልተሰጠውን ቀለም መመለስ አይችልም። ቀይ ሳይደርሰው ሲቀር ቦርዶው የደረቀ ጥቁር ሐምራዊ ይሆናል፣ የሸክላው ቀይ ደግሞ ቡናማ፤ በር ላይ የተቀባና ሌላ ቀለም ሳይደረብበት የቀረ አንቲራስት ቁጭ ነው የሚመስለው።

ሁለተኛ ቁጥር አለ፣ ሲአርአይ የሚባል። አምፑሉ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ነው የሚለው። 80 የተለመደ ነው፣ 90 እና ከዚያ በላይ ጥሩ። የሚገርመው ግን ይሄ ቁጥር ስምንት ቀለሞች ተለክተው የሚወጣ አማካይ ነው፣ ከስምንቱ ውስጥ ደግሞ ጠንካራው ቀይ የለም። እሱ አር 9 ተብሎ ለብቻው ይለካል። ሲአርአይው 80 የሆነ አምፑል አር 9ኙ ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ካርቶኑ ላይ አር 9 ካልተጻፈ ቢያንስ 90 የሚለውን ፈልጉ።

እና ሁለቱንም ካርቶን በሁለቱም አምፑል እዩ። አንዱ ቀይ በዋርም አምፑል አምሮ በነጩ ከሞተ፣ ጥያቄው "አምፑሉን ልቀይር እችላለሁ ወይ?" ነው። ከቻላችሁ ቀይሩ፣ ከግድግዳ አምፑል ይረክሳል። ካልቻላችሁ፣ ለምሳሌ አከራይ የገጠመው በጣሪያ ውስጥ የተቀበረ መብራት ከሆነ፣ በነጩ ብርሃን የተሻለውን ያዙ። መብራት ሲጠፋ የምታበሩት ቻርጅ የሚደረግ መብራትም ብዙውን ጊዜ ነጭ ነው፤ ግን ለእሱ ብላችሁ ቀለም አትምረጡ።

ደረጃ 10፦ በእርጥብ ጨርቅ እሹት

ካርቶኑ ከደረቀ ከጥቂት ቀን በኋላ ነጭ ጨርቅ አርሳችሁ አንዱን ጥግ አሥር ጊዜ ያህል እሹ። ሁለት ነገር እዩ፦ ጨርቁ ላይ ቀይ ወጣ ወይ? የታሸው ቦታ አበራ ወይ? ጠቆር ያለ ቀይ በማት ሲሆን ልጅ የዳሰሰው፣ ሶፋ የተጋጨው ሁሉ ነጣ ወይም አብረቅረቅ ብሎ ይታያል። ሲልክ ይታጠባል፣ ግን የግድግዳውን ጉድጓድና የስቱኮውን ጉድለት አንድ በአንድ ያሳያል። ልጆች ካሉ ሲልክ፣ ግድግዳው ካልተስተካከለ ማት። ሁለቱም ካለባችሁ ስቱኮውን እንደገና አስይዙና በብርጭቆ ወረቀት አስመትታችሁ ሲልክ ቀቡ።

ያስተውሉ፦ ያው ኮድ በማትና በሲልክ ሲቀባ አንድ አይመስልም። ማቱ ይፈዛል፣ ሲልኩ ይጠልቃል። ስለዚህ ሁለቱን ቀይ ስታወዳድሩ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ይሁኑ።

ደረጃ 11፦ ሒሳቡን ሥሩ

ቀለም ቀላቃዩ ቆርቆሮው ላይ የሚለጥፈውን ወረቀት እዩ። ምን ምን ጠብታ እንደገባ ይጽፋል። ኦክሳይድ የሚል ቀይ ከበዛበት የብረት ዝገት ዓይነት ማቅለሚያ ነው፤ በደንብ ይሸፍናል፣ ፀሐይም ቶሎ አያነጣውም። የሸክላው ቀይ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው የሚሠራው። ቦርዶና ደማቅ ቀይ የሚሠሩባቸው ሌሎቹ ማቅለሚያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ያሳልፋሉ፣ ስለዚህ እጅ ይበዛል።

አሁን ቁጥር። ክፍሉ 4 በ4፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር ቢሆን ዙሪያው 44.8 ካሬ ነው። በርና መስኮት ሲቀነስ 40 ካሬ እንበል። አንድ ሊትር በአንድ እጅ 10 ካሬ አካባቢ ይሸፍናል፣ ስለዚህ በእጅ 4 ሊትር። በሁለት እጅ የሚሸፍነው ቀይ 8 ሊትር ይፈልጋል። በአራት እጅ የሚሸፍነው 16። የሊትር ዋጋቸው አንድ ቢሆን እንኳ አንዱ ክፍል የሌላውን እጥፍ ይወጣበታል፣ የቀቢው ቀንም ይጨምራል። አንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ 11 ካሬ ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ብዙም አያሳምም።

ደረጃ 12፦ ወስኑ

ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ሰዓት አንብቡ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አምፑል፣ ከዚያ ሶፋ ጋር የተሻለው የቱ ነበር? እሱ ነው። ሌሎቹ ሰዓታት ድምፅ አላቸው፣ ግን ግማሽ ድምፅ።

እኩል ከሆኑባችሁ የኔ አካሄድ ይሄ ነው። ለአራቱም ግድግዳ ከሆነ ፈዘዝ ያለውን፣ ወደ ቡናማ የሚያደላውን እይዛለሁ፤ ጥግ ላይ ያያችሁት ምልልስ ራሱ ያደምቀዋልና። ለአንድ ግድግዳ ከሆነ ቦርዶውን እመርጣለሁ፣ ሌሎቹን ሦስት ግድግዳዎች ድፍን ነጭ ሳይሆን ክሬም አድርጌ። መስታወት ፊት የሚዋብ ሰው ያለበት መኝታ ቤት ከሆነ ሁለቱንም አልመክርም። ቀይ ግድግዳ ፊት ላይ ቀይ ይጥላል፣ ኩሉም ሊፒስቲኩም ውጭ ሲወጣ ሌላ ይሆናል።

ዘመድ አዝማድ ሰብስባችሁ ድምፅ አታሰጡ። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚቀመጠው ሰው ይምረጥ።

ደረጃ 13፦ አንዴ፣ ሁሉንም ግዙ

ከናሙናው ጋር ያው ኮድ፣ ያው ቤዝ፣ ያው ማት ወይም ሲልክ መሆኑን አረጋግጡ። ሙሉውን መጠን በአንድ ቀን አስቀላቅሉ። ጠብታ ትንሽ ሲዛባ ነጭ ላይ አይታወቅም፣ ጠቆር ያለ ቀይ ላይ ግን ይታወቃል። ጋሎኖቹን ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ አንድ ላይ በጥብጡ። ካልሆነ አንዱ ጋሎን ግድግዳ መሃል ላይ አልቆ ሌላው ሲጀምር መገጣጠሚያው ይቀራል።

ማስጠንቀቂያ

አዲስ የተለሰነ የሲሚንቶ ግድግዳ ላይ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው አትቀቡ። በውስጡ ያለው አልካሊ አንዳንድ ቀይ ማቅለሚያዎችን ያበላሻል፣ እርጥበቱ ሲወጣም ነጭ ጨው ግድግዳው ላይ ያመጣል። ክሬም ላይ ማንም አያየውም። ቀይ ላይ ከበር ይታያል። ለማረጋገጥ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉና አንድ ቀን ተዉት፤ ከውስጥ ካላበ ገና ነው።

አሮጌ የዘይት ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉ። የድሮ ዘይት ቀለም፣ በተለይ ቀይና ቢጫው፣ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል። አቧራው ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ክፉኛ ይጎዳል። እያረጠባችሁ ፈግፍጉ፣ ልጆችን ከቤት አርቁ፣ የወጣውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አዲስ ስትገዙም የሊድ መጠኑ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) በታች መሆኑን ጠይቁ።

ክፍሉ ካለቀ በኋላ ሶፋውን ወዲያው አታስጠጉ። ፕላስቲክ ቀለም ሙሉ ለሙሉ እስኪጠነክር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። ነጭ መጋረጃ ቀይ ሲነካ አያድርስ ነው።

በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች

በስልክ መምረጥ። ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ያስተካክላል፣ ጠንካራ ቀይ ሲያጋጥመውም ከሆነው በላይ ያደምቀዋል። አንዱን ግድግዳ ሁለቴ አንሡት፣ ሁለት ቀይ ታገኛላችሁ።

አንድ እጅ ቀብቶ "ይሄ ሮዝ ነው እንዴ!" ብሎ መደንገጥና ሱቅ ሄዶ ጥቁር ማስጨመር። ጠብቁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው እጅ ነው ቀለሙን የሚያመጣው።

"ካፈርኩ አይመልሰኝ" ብሎ መቀጠል። የመጀመሪያው ግድግዳ በሁለት እጅ ደርቆ ማታ ሲታይ አልጥም ካላችሁ እዚያው አቁሙ። አንድ ቀይ ግድግዳና ሦስት ክሬም ክፍል ነው፣ ማንም ጥፋት መሆኑን አያውቅም።

የተላጠች ትንሽ ቦታን በብሩሽ ነካ ነካ ማድረግ። ጠቆር ያለ ቀይ ላይ ጥገናው እንደ ነጠብጣብ ይታያል። ያንን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ በሮለር አንድ እጅ ድገሙት። ለዚህም አንድ ሁለት ሊትር አስቀሩ፤ ትንሽ ዕቃ ውስጥ እስከ አፉ ሙሉት፣ አየር ካልገባው ይቆያል። ማሽኑ ያወጣውን ወረቀት ክዳኑ ላይ ለጥፉና በላዩ የወረቀት ፕላስተር አድርጉበት፣ ጽሑፉ ቶሎ ስለሚጠፋ ኮዱን በእስክሪብቶ በፕላስተሩ ላይ ድገሙት።